ልጅ የት እንዲያድር የሚወሰንበት ክፍል፦ በጎንደር ስለተገለገልኩበት የሕፃናት ችሎት

የእህቴ ልጅ በዕድሜ ከሚበልጡት ሁለት ልጆች ጋር ሆኖ አራዳ ገበያ ውስጥ ስልክ ሰርቋል ተብሎ የተያዘ ዕለት፣ ቤተሰቡን ሁሉ እንቅልፍ የነሣው ጥያቄ «ምን ይፈረድበት ይሆን?» የሚለው ሳይሆን «ዛሬ ማታ የት ያድራል?» የሚለው ነበር። ልጁ ገና 14 ዓመቱ ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ወደሚያስችለው የሕፃናት ችሎት ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ይህን አስተያየት የምጽፈው ነገ ልጃቸውን ይዘው በዚያ በር ላይ ለሚቆሙ ወላጆችና ዘመዶች አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል፣ ምኑ እንደሚያስመሰግንና ምኑ መታረም እንዳለበት ለማሳወቅ ነው። የልጁን ስም አልጽፍም፤ የፍርድ ቤቱንና የፖሊስ ጣቢያውን ስምም ትቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ ችሎቱን ሳይሆን ልጁ ችሎት እስኪደርስ ያሳለፈውን ጊዜ የሚመለከት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲያዝ ፖሊስ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው፣ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድም ፍርድ ቤቱ ራሱ መመሪያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ጉዳዩ በአንድ ቀን የማያልቅ ከሆነ ደግሞ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው ወይም ለዘመዱ፣ እነዚህ ከሌሉም ለታመነ ሰው ተሰጥቶ፣ የተረከበው ሰው በቀጠሮው ቀን እንዲያቀርበው ኃላፊነት ይወስዳል። የእኛ ልጅ የተያዘው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ግን ዳኛ ፊት የቀረበው ሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ሌሊት ጣቢያ አድሯል። የመጀመሪያውን ሌሊት ያደረው ከአዋቂዎች ጋር በአንድ ክፍል ነበር። በሁለተኛው ምሽት አንድ ተረኛ የፖሊስ አባል አሳዝኖት አውጥቶ፣ ከራሱ ጠረጴዛ አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ እናቴ የላከችለትን ጋቢ ደርቦለት አስተኛው። ያንን ሰው ፈጣሪ ይስጠው እላለሁ፤ ነገር ግን ልጅን ከአዋቂ እስረኛ መለየት በአንድ ተረኛ ደግነት ላይ የሚንጠለጠል ነገር መሆን አልነበረበትም። የወንጀል ሕጉ በግልጽ የከለከለው ነገር ነውና።

ችሎቱ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን የልጁን ዕድሜ ነው፤ የነገሩም ሥር እዚህ ላይ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ለእርሱ የተለየ እርምጃና የተለየ ማረፊያ ተወስኖለታል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ የሞት ፍርድም ሊፈረድበት ባይችልም፣ መንገዱ የአዋቂው መንገድ ነው። በዚሁ በአንድ ስልክ ምክንያት ከተያዙት ሦስት ልጆች አንዱ 19፣ አንዱ 17፣ የእኛው 14 ዓመታቸው ስለነበር በአንድ ቀን በሦስት መንገድ ተለያዩ። ስለዚህ ፖሊስ በቃል መቀበያ ወረቀቱ ላይ «16» ብሎ የጻፈው ቁጥር እንደዋዛ የሚታለፍ ስሕተት አልነበረም።

የልደት የምስክር ወረቀት የለንም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ልጅ ወረቀት ባይኖረው የሚያስደንቅ አይደለም። እህቴ የምትኖረው ደንቢያ ነው። ልጁ በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሣበት ደብር የሰጠው ወረቀት መኖሩ ትዝ ያላት የክርስትና እናቱ ነበረች። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ተቃርቦ፣ ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ የስኳር ላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ሥር ተገኘ። ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው፣ የክትባቱን ቀንና የክርስትናውን ቀን በጣታቸው እየተከተሉ አስተያዩና ዕድሜውን በዚያው ተቀበሉ። እነዚህ ባይገኙ ኖሮ ልጁ ወደ ሆስፒታል ተልኮ በአጥንት ራጅ ዕድሜው ይገመት ነበር፤ ራጅ ደግሞ የሚሰጠው ግምት እንጂ የተወለደበትን ቀን አይደለም፤ 15ን ለማለፍና ላለማለፍ ወራት በሚቀሩት ልጅ ላይ ያ ግምት ወዴት እንደሚያጋድል ማን ያውቃል። ወላጆች ሆይ፣ የክትባት ካርድ አትጣሉ።

ወደ ችሎቱ ልግባ። እውነቱን ለመናገር፣ በዘመኔ ከገባሁባቸው የመንግሥት ቢሮዎች ሁሉ እንደዚያች ክፍል ሰው በሰውነቱ የተከበረበት ቦታ አላየሁም። ጉዳዩ የሚታየው በችሎት አዳራሽ ሳይሆን በዳኛዋ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከባለጉዳዮች፣ ከምስክሮችና ከማኅበራዊ ሠራተኛው በቀር ማንም አይገባም። ዳኛዋ ካባ አልለበሱም። ልጁም የተከሳሽ ሣጥን ውስጥ እንዲቆም አልተደረገም፤ ከእኔ ጎን ወንበር ተሰጠው፤ አጅቦት የመጣው ፖሊስም የደንብ ልብስ አልለበሰም ነበር። ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ስልኩ አልነበረም። «ቁርስ በልተሃል?» አሉት። አለመብላቱን ሲነግራቸው ውጭ ያለችው ጸሐፊ ሻይና ዳቦ እንድታመጣለት አዘዙ፤ እርሱ በልቶ እስኪጨርስ ድረስም ከእኔ ጋር ስለ ቤተሰቡ ሁኔታ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከራሱ አንደበት የሰሙት። ተንተባተበ፣ አለቀሰ፣ በመጨረሻም ስልኩን ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያነሣው ትልቁ ልጅ መሆኑን፣ እርሱ ደግሞ ባለሱቁን በወሬ እንዲይዝ ተነግሮት እንደያዘ ተናገረ። ይህን ሁሉ አንድም ሰው ሳይጮህበት ነው የተናገረው። ጣቢያ የሰጠው ቃል ግን «አላየሁም፣ አላውቅም» የሚል ነበር።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ላንሣ። ሕጉ ለዳኛው የሰጠው ምርጫ ሰፊ ነው። ልጁ ሕመምተኛ ከሆነ ወደ ሕክምና ተቋም ሊላክ ይችላል፤ በወላጁ ወይም በታመነ ሰው እጅ ሆኖ በክትትል እንዲማር ሊታዘዝ ይችላል፤ ሊገሠጽ ይችላል፤ በትርፍ ጊዜው ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት ሳይወጣ የተሰጠውን ሥራ እንዲሠራ ሊወሰንበት ይችላል፤ ጠባዩና ያለፈ ታሪኩ ካስገደደም ወደ ወጣት አጥፊዎች ማረሚያ ተቋም ሊገባ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ከአንድ ዓመት የማያንስ፣ ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ሲሆን፣ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። ጎንደር ላይ ግን እኔ ያየሁት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቤት ወይ እስር። በአገራችን ለረጅም ዘመን የወጣት አጥፊዎች ማረሚያ ተብሎ ሲጠራ የኖረው ተቋም አዲስ አበባ ልደታ ያለው ነው፤ ከዚህ ወደዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያ ካልሆነ ያለው አማራጭ በአዋቂዎች ማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ለልጆች ተብሎ የተከለለ ክፍል ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆንና ለአጭር ጊዜ እንዲሆን፣ የታሰረውም ልጅ ከቤተሰቡ ጋር በደብዳቤና በጉብኝት እንዲገናኝ ይደነግጋል። እህቴ የጎንደርን አውቶቡስ መሳፈሪያ ለማግኘት እንኳ እንቁላል ሸጣ የምትመጣ ሴት ናት፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ልጇን እንዴት ትጠይቅ ነበር?

ዓቃቤ ሕጉ ልጁ ወደ ማረሚያ ይግባ የሚል አሳብ ያቀረቡት በክፋት አልነበረም። ልጁ ቀን ፒያሳ ላይ ጫማ ሲጠርግ እየዋለ፣ ማታ ከማን ጋር እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው የለም ብለው ስላመኑ ነው። ያመኑትም መዝገቡ ውስጥ በነበረችው የመጀመሪያዋ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሪፖርት ምክንያት ነው። በዚህ ሪፖርት ላይ ነው ምሬቴ። በአራት መስመር ተጽፎ ያለቀ፣ ስሙን ብትቀይሩ ለየትኛውም ልጅ የሚሆን ወረቀት ነበር፤ «ተቆጣጣሪ የሌለው፣ ለጎዳና ሕይወት የተጋለጠ» ይላል። ባለሙያው እኛ ቤት አልመጡም፤ እህቴንም እኔንም አላነጋገሩም። ልጁ ማራኪ ሠፈር ባለው በእኔ ቤት እንደሚያድር፣ ከሰዓት በኋላ 7ኛ ክፍል እንደሚማር፣ ጫማ የሚጠርገው ጠዋት ጠዋት ለእናቱ ጥቂት ብር ለመላክ እንደሆነ በዚያች ወረቀት ላይ አንድም ቃል የለም። የወንጀል ሕጉ ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ትምህርትና ኑሮ ከወላጅና ከትምህርት ቤት መረጃ እንዲያሰባስብ የፈቀደለት እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ነው። ልጁ የት እንደሚያድር ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ የሚወስነው ይህች ወረቀት መሆኗን የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ዳኛዋ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም «ይህ ልጁን አይነግረኝም» ብለው መልሰው፣ ባለሙያው ቤት ድረስ ሄደው በ10 ቀን ውስጥ ሌላ እንዲያቀርቡ አዘዙ፤ ልጁንም እስከዚያ ድረስ በፊርማዬ ለእኔ ሰጡኝ። ለዚህ ውሳኔ ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ። በተባለው ጊዜ የመጡት ሌላ ባለሙያ ነበሩ፤ እርሳቸውም ሥራቸውን በልባቸው የሚሠሩ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። የቀረበላቸውን ቡና ከመቅመሳቸው በፊት ልጁ የሚተኛበትን ቦታ አሳዩኝ አሉ። ከሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ጋር በአንድ ፍራሽ እንደሚተኛ አዩ፤ ማን ከግድግዳው በኩል እንደሚተኛ ሳይቀር ጠየቁ። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጡ። የሒሳብ ደብተሩ ላይ ከኅዳር በኋላ አንድም ገጽ እንዳልተጻፈበት ሲያዩ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ያንን ደብተር ከፍቼ አላውቅም ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ሪፖርቱ ላይ ይህንንም ጽፈውታል፤ ልጁ ማደሪያ እንጂ ጠያቂ እንዳላገኘ፣ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ከወሰድኩና ትምህርት ቤቱ ከተባበረ ግን ከቤት ማውጣት እንደማይጠቅመው የሚል ሁለት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ነበር። እውነት ስለሆነ አልተቃወምኩትም።

ውሳኔው የተሰጠው በአምስተኛው ቀጠሮ ነው። ልጁ በእኔ ቤት ሆኖ ለስድስት ወር በክትትል እንዲማር፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለ እኔ ፈቃድ ከቤት እንዳይወጣ፣ ከሁለቱ ልጆች ጋር እንዳይገናኝ፣ እኔም በየወሩ መጨረሻ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዤ ሪፖርት እንዳደርግ ታዘዘ። ባለሱቁ ስልኩን ቀድሞ ተረክቦ ነበር፤ ከእናቴ ጋር ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ሄደው ይቅርታ ጠይቀውት፣ ልጁም ጉልበቱን ስሞ ታርቋል፤ ይህም በመዝገቡ እንዲያያዝ ተደረገ። ዳኛዋ ውሳኔውን እንዲሁ አንብበው አላለፉም። ወደ ልጁ ዘወር ብለው እያንዳንዱን ነገር በተራ ቃል አስረዱት፤ ቀጥሎም የተረዳውን እርሱ ራሱ እንዲነግራቸው ጠየቁት። «ቤት ነው የማድረው፤ ሒሳብ ደግሞ ከአጎቴ ጋር አጠናለሁ» አላቸው። ሕጉ ውሳኔው ለልጁ በሚገባው መንገድ እንዲነገረው ያዝዛል፤ እዚያች ክፍል ውስጥ በትክክል ሲፈጸም አይቻለሁ።

ብዙ ሰው ስለማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ አንዴ ከተሰጠ አይነካም ማለት አይደለም። ልጁ፣ ሕጋዊ ወኪሉ ወይም የተረከበው ሰው ማመልከቻ ካቀረበ፣ ወይም ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሣሽነት፣ እንደ ልጁ ሁኔታ ሊለውጠው ወይም ሊያነሣው ይችላል። ልጃቸው ወደ ማረሚያ የገባባቸው ወላጆችም ጊዜው እስኪያልቅ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ የለባቸውም። ማመልከቻ መጻፍ የማይችል ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ወደሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሄድ ይረዱታል፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊዎች የሚጠይቁትን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን መሞከር ይገባል።

የመዝገብ ቤቱ አገልግሎት በመጠኑ ደህና ነው። የውሳኔ ግልባጭ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ለልጁ ጉዳይ የዳኝነት ክፍያ አልተጠየቅሁም። መጠበቂያው ግን ሊታረም ይገባዋል። የሕፃናት ጉዳይ የሚታይበት ክፍል ለብቻው ሆኖ ሳለ፣ ልጆቹ ተራ የሚጠብቁት በካቴና የታሰሩ አዋቂዎችና የፍቺ ባለጉዳዮች በሚጋፉበት በዚያው መተላለፊያ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ በጥንቃቄ የተጠበቀው ምስጢር በሩ ላይ ይፈስሳል፤ ስም ጠሪው የልጁን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጮክ ብሎ ሲጠራ የሠፈራችን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን። ቁጥር ተሰጥቶ በቁጥር ቢጠሩ ምን ይጎድል ነበር?

በዚያው መተላለፊያ ላይ በሦስተኛው ቀጠሮ ቀን አንድ ሌላ ልጅ አየሁ። 13 ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ መጥቷል፤ ከአንድ ፖሊስ በቀር ከጎኑ ማንም የለም። ስም ጠሪው ወጥቶ «የዚህ ልጅ ቤተሰብ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ልጁም እንደ እኛ ሁሉ ዞር ዞር እያለ ወደ ደረጃው ያይ ነበር፤ የሚመጣ ያለ መስሎት ነው መሰለኝ። ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ወጣ፤ የሚረከበው ሰው እስኪገኝ ተብሎ ቀጠሮ ተሰጥቶት በመጣበት መኪና ተመለሰ። ያጠፋው ጥፋት ከእህቴ ልጅ ጥፋት ይብስ እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን የእህቴ ልጅ ወደ ቤቱ፣ ያ ልጅ ደግሞ ወደ እስር የሄዱት በጥፋታቸው ምክንያት አልነበረም። ዳኛዋ ልባቸው እንዳዘነ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር፤ ግን ሰው የሌለውን ልጅ ለማን ይስጡት? ለእንዲህ ያለው ልጅ ከቤትና ከእስር መካከል የሚሆን ሦስተኛ ቦታ ያስፈልጋል። ተመርምረው የታመኑ፣ በቀበሌና በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው ለጥቂት ሳምንት ልጅ የሚቀበሉ ቤተሰቦች በዚህ ከተማ አይጠፉም። ሕጉም «የታመነ ሰው» ሲል በሩን ከፍቶታል፤ የጎደለው የእነዚያ ሰዎች ስም ዝርዝር በዳኛው ጠረጴዛ ላይ አለመኖሩ ነው።

እኔና ባለቤቴ ተነጋግረን ስማችንንና አድራሻችንን በማመልከቻ ጽፈን ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስገብተናል። የእህቴ ልጅ ክትትል ባለቀ ዕለት፣ ዳኛዋ 8ኛ ክፍል መግባቱን የሚያሳየውን ካርድ አይተው መዝገቡን ሲዘጉ፣ ያ ማመልከቻ ምን ደረሰ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማኅደሩን አስመጥተው አሳዩኝ፤ ውስጡ ያለው የእኛው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በሕፃናት ጉዳይ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጽሕፈት ቤቱ ይከፈታል፤ ማመልከቻውን ለማስገባት መታወቂያና ሁለት ምስክር ይበቃል።